ግራዝማች የዘሩት ተልባ

በጣሊያን ጊዜ ከአምበር ሸሽተን ዓባይ በረሃ ወረድን። ከቤት የያዝኩትን የደጋ ተልባ እዚያው ዘራሁት። ሙቀቱ አበባውን አረገፈው፤ ያፈሩት ስድስት እግር ብቻ ናቸው። «እነዚህ በረሃውን ከቻሉ ልጆቻቸውም ይችላሉ» ብዬ እፍኝ የማይሞላውን ፍሬ በጨርቅ ቋጠርኩ። ጾም ነበር፤ ርቦኝም አልቀመስኩትም።

አለቃችን ግራዝማች ቆሎ ብቻ ሲበሉ ከርመው ሆድ ድርቀት ያዛቸው። በአምስተኛው ቀን ጠሩኝ።

«ያን ተልባ አምጣው።»

«ዘር ነው፣ ጌታዬ።»

«እኔ ልሞት ነው፣ አንተ ስለ ዘር ታወራለህ?»

ሰጠኋቸው። ሙቀጫ ስላልነበረን ጥሬውን ዘፍዝፈው ጠጡት። ትንሽ ቆይተው ነጠላቸውን ሰብስበው ወደ ትልቁ ቋጥኝ ጀርባ ሮጡ። እሳቸው ዳኑ። እኔ ግን ለዘሬ አለቀስኩ።

ክረምቱ ሲወጣ ከቋጥኙ ጀርባ ተልባ በቅሎ አገኘሁ። ያ ሁሉ ፀሐይ አበባውን አላረገፈውም። ፍሬው ደርሶ ሳጭደው ግራዝማች መጡ።

«እሰይ! ይኼን የመሰለ ተልባ ማን ዘራው?»

«እርስዎ ነዎት፣ ጌታዬ።»

ተልባውን አዩ፤ ቋጥኙን አዩ። ከዚያ ጎንበስ ብለው በጆሮዬ፣ «ለሰው እንዳትነግር» አሉኝ።

እስከ ዛሬ አልነገርኩም።