የተበሱት ሳንቲሞች

ባለፈው ሰሞን እዚህ ውጭ አገር፣ ፍሮግታውን በሚባል ሰፈር በተከራየነው ቤት ጓሮ ለጎመን መደብ ስቆፍር ሰባት የጠቆሩ ሳንቲሞች አገኘሁ። ሁሉም ጠርዛቸው ላይ ተበስተዋል። እማዬ ስታያቸው ወደ ኋላ አፈገፈገች። «የተበሳ ሳንቲም መሬት የሚቀብር ጤነኛ ሰው ነው? መተት ነው፤ ጣይው!» አለችኝ።

እማዬን እምቢ ብዬ አላውቅም። ግን አንዱን በጣቴ ስጠርገው የሴት ምስል ብቅ አለና መጣል አቃተኝ። ከቤቱ ጀርባ ተደብቄ በሎሚና በጨው ማሸት ጀመርኩ። አምስቱን እንዳጸዳሁ፣ ከላኦስ የመጡት ጎረቤታችን አሮጊት በአጥሩ በኩል አዩኝ። ከእኛ በፊት እዚህ ቤት ይኖሩ ነበር። ሳንቲሞቹን ሲያዩ እንባቸው መጣ። በሚችሏት እንግሊዝኛ፣ «የበዓል ቀሚሳችን ላይ የምንሰፋው ነው። ልጄ ትንሽ እያለች ነቅላው ጠፋ። ‹ስጫወት ጓሮ ቀበርኩት› አለችኝ። ቆፍሬ ሳጣው፣ ዋሸሽኝ ብዬ መታኋት» አሉኝ።

ለካ እማዬ በሩ ላይ ቆማ ታየናለች። «ምን አሉ?» አለችኝ። እየፈራሁ ተረጎምኩላት። እማዬ አማተበችና አጠገቤ ቁጭ ብላ ከቀሩት ሁለት አንዱን አነሳች።

«ሎሚ ብቻውን አያስለቅቀውም። ለልጃቸው እንዲህ ጠቁሮ አይሰጥም። ሂጂ፣ ከከሰል መጥበሻው ግሪል አመድ አምጪ!»