ብቻውን ሲፈስ ስለተገኘው ውኃ

የምስክር ስም፦ ግርማቸው አንድርያስ
ዕድሜ፦ 72
ሥራ፦ በጡረታ ላይ ያለ የጂኦግራፊ መምህር
አድራሻ፦ ኒር ኢስት ሳይድ፣ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ማክሰኞ፣ ኦገስት 19፣ 2025
ቃል ተቀባይ፦ ኦፊሰር ዊትማን
አስተርጓሚ፦ ሔርሞን የአብሥራ
ምስክሩ ቃላቸውን በአማርኛ በገዛ እጃቸው ጽፈዋል።

የተጠየቅሁት፣ ተጠርጣሪው ቀነኒሳ ባለፈው ቅዳሜ የጎረቤታችንን የሚስስ ሎሬታ ሂክስን የኋላ በር መስታወት ሰብሮ ለምን እንደገባ ነው። አብሬው ስለነበርኩ ያየሁትን በቅደም ተከተል አስረዳለሁ።

ቀነኒሳ መጋዘን ውስጥ ይሠራል። ዲቪ ደርሶት ወደዚህ ከመምጣቱ በፊት በሳዑዲ ዓረቢያ በረሃ፣ አሸዋው ወደ እርሻ በሚለወጥበት ስፍራ ሐብሐብና ቲማቲም ሲያለማ ኖሯል። ከሚስስ ሎሬታ ቤት አጠገብ፣ ቤት ፈርሶበት ጡብና ጠጠር የቀረበት ባዶ ቦታ ነበር። ባለቤቱ ሲፈቅድልን ቀነኒሳ በበረሃ የተማረውን ሠራበት፤ ፍግና ገለባ ቀበረ፣ ውኃ በጠብታ የሚያወጣ ቀጭን ጎማ በየመደቡ ዘረጋ። አሁን ቦታው ጎመንና ቲማቲም ይሰጣል። ቅዳሜ ቅዳሜ ክሊቭላንድ አቬኑ ገበያ ወስደን እንሸጣለን።

በዕለቱ ከገበያ የተመለስነው ከቀትር በኋላ ነው። ያልተሸጠ ጎመን ይዘን ነበርና ቀነኒሳ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ቲማቲሙን እንደ ደብተር ሲያርሙ ነው ገበያተኛው ጥሎን የሄደ» እያለ ይቀልድብኝ ነበር። ሚስስ ሎሬታ ግቢ አጠገብ ስንደርስ ቀልዱን አቋረጠ። የአበባ ማጠጫዋ ጎማ መሬት ላይ ወድቆ ውኃው በእግረኛ መንገዱ ላይ ይፈስሳል። ሰው የለም።

የጎመኑን ሳጥን ጥሎ ሮጠ፤ ቧንቧውን ዘጋ። «እማማ ሎሬታ!» እያለ ተጣራ። እኔም የፊት በሩን ደጋግሜ አንኳኳሁ። መልስ አልነበረም።

«ረስተውት ይሆናል» አልኩት።

«ውኃ ይረሳል እንዴ ጋሼ?»

«ቆይ፣ ናይን ዋን ዋን ኮል ላድርግ።»

«እርስዎ ይደውሉ፣ እኔ ልግባ።»

ሸሚዙን አውልቆ እጁን ጠቀለለ፤ በጡብ መስታወቱን ሰብሮ ገባ። እኔ በድንገተኛ አደጋ ስልኩ፣ አንዲት አሮጊት ሳይወድቁ እንዳልቀሩ እያስረዳሁ ሳለ ጩኸት ሰማሁ። ሚስስ ሎሬታ አልወደቁም። የመስሚያ መሣሪያቸውን አውልቀው ፎቅ ላይ ተኝተው ነበር። ዓይናቸውን ሲገልጡ ሸሚዝ የሌለው ሰው በመኝታ ቤታቸው በር ላይ አዩ። መታጠቢያ ቤት ገብተው ቆልፈው እሳቸውም ደወሉ። የሁለታችንም ድምፅ ስለተቀዳ ማመሳከር ይቻላል።

ቀነኒሳ አልሸሸም። ወጥቶ ቲማቲሙ አጠገብ ተቀመጠ። ፖሊሶች መጥተው ካቴና ሲያስገቡለት «ዋተር፣ ዋተር» ከማለት በቀር ሌላ እንግሊዝኛ አልመጣለትም። ስለዚህ ሊል የፈለገውን እኔ እጽፋለሁ።

እሱ በሠራበት በረሃ ውኃ ከጥልቅ ጉድጓድ በሞተር ይወጣል፤ ለየመደቡም በተራ ይለቀቃል። ጅምላ ገበያ ላይ በጨረታ የሚሸጠው ሐብሐብ ቢባልም በውስጡ ያለው ውኃ ነው። ስለዚህ ማንም ውኃ ከፍቶ አይሄድም። ውኃ ብቻውን ሲፈስ ከታየ ከፋቹን ፀሐይ ጥላዋለች ማለት ነው። የሠራተኛው ሁሉ ደንብ ውኃውን መዝጋት፣ ከዚያ ሰውየውን መፈለግ ነው። ቀነኒሳ ራሱ አንድ ቀን ውኃ እንደከፈተ ወድቆ፣ የሌላ እርሻ ሰው ሐብሐቡን መኪና ላይ እንደተጫነ ትቶ ፈልጎ አገኘው። ያ ሰው የዕለቱ ጨረታ አመለጠው፤ ጭነቱም በሙቀት ተበላሸበት። ቀነኒሳ ግን ዳነ።

መስታወት መሰበሩን፣ ያለ ፈቃድ መገባቱን አልክድም። ሚስስ ሎሬታ ክፉኛ ደንግጠዋል፤ መደንገጣቸውም ተገቢ ነው። ነገር ግን ክሱ ከቀጠለ ቀነኒሳ ግሪን ካርዱን ሊያጣ ይችላል። ሰው ሊያድን የገባ ሰው ሌባ ተብሎ እንዳይጻፍ እለምናለሁ።

ቀነኒሳ ወደ ሚስስ ሎሬታ ቤት እንዳይቀርብ ስለታዘዘ፣ ትላንት ስብርባሪውን ልጠርግ የሄድኩት እኔ ነኝ። ከላይ የጻፍኩትን በእንግሊዝኛ ቀስ ብዬ ለሚስስ ሎሬታ ነገርኳቸው። መሣሪያቸውን ጆሯቸው ላይ አስተካክለው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ስለ ሐብሐቡ መኪና ሁለቴ አስደገሙኝ። ከዚያ ወደ ተሰበረው በር ተመለከቱ።

«የጎኑ በር እኮ ተቆልፎ አያውቅም» አሉኝ። «ንገረው፤ ሌላ ጊዜ በዚያ ይግባ።»

ይህ ቃላቸው ለፖሊስ እንዲደርስ ፈቃዳቸውን ጠይቄ ፈቅደውልኛል።

ከላይ የሰፈረው ያየሁትና የሰማሁት እውነት ነው፤ ያልጨመርኩበት፣ ያልቀነስኩበት መሆኑን አንብቤ በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ግርማቸው አንድርያስ
የአስተርጓሚዋ ፊርማ፦ ሔርሞን የአብሥራ
የቃል ተቀባዩ ፊርማ፦ ዊትማን