ንቅንቅ አልል ያለችው ጥላ

ሳሉ አልለቅ ቢለው አባቴን ከድብ ባሕር ጎንደር አመጣሁት። የክሊኒኩ ሐኪም የደረቱን ራጅ አዲሱ ላፕቶፑ ላይ ከፍቶ አተኩሮ አየው። ስክሪኑ ጥራቱ ለጉድ ነው፤ የአባቴ ጎድን አንድ በአንድ ይቆጠራል። ከቀኝ ሳንባው ላይ ግን ፈዘዝ ያለች ክብ ጥላ አለች። እኔም አየኋት፤ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አልሁ።

«አባባ፣ ሲጋራ ያጨሱ ነበር?»

«በስማም! እኔ ከምድጃ ጭስ በቀር የማውቀው ጭስ የለም» አለ አባቴ።

ሐኪሙ ጥላዋን ለይቶ ሊያሳየኝ ምስሉን ወደ ላይ ሳብ አደረገው። ጎድኑ ሄደ፣ ልቡ ሄደ፣ ጥላዋ ግን ካለችበት ንቅንቅ አላለችም። ወደ ታች መለሰው፤ ወይ ፍንክች! ጭራሽ ራጁን ዘጋው። ጥላዋ እቴ፣ ባዶው ስክሪን ላይ ቁጭ ብላለች።

ሐኪሙ ግንባሩን መታ። «የሰዓቱ ናት! ጠዋት ሙሉ ትልቅ የሰዓት ምስል ከፍቼ ትቼው ነበር። ይሄ ስክሪን አንድ ነገር ሲቆይበት ጥላውን ይዞ ያስቀራል።» ሮጦ ራጁን በሌላ ኮምፒውተር ከፈተው። ሳንባው ጥርት ያለ ነው፤ ሳሉም የጉንፋን ትርፍ ሆነ። እኔ እፎይ ብዬ ወንበሩ ላይ ዘፍ አልሁ።

ሐኪሙ የሳል ሽሮፕ ሊጽፍ እስክሪብቶ ሲያነሳ አባቴ በከዘራው ወደ ላፕቶፑ አመለከተ።

«ምነው ልጄ፣ መድኃኒቱን ለኔ ትጽፋለህ? እሱን አይደል እንዴ ያመመው!»