ያደረ ውሃ

ቧንቧ ሠራተኛዋ በሁለት ሳምንት ሦስት ጉድጓድ አስቆፍራ፣ ሦስቱንም ምንም ሳታገኝ አስደፍናለች። ከታችኛው ሰፈር ውሃ ከጠፋ ሰንብቷል። የሚያፈሰው ቧንቧ እስከ ዛሬ ማታ ካልተገኘ፣ መሥሪያ ቤቷ ታችኞቹ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ውሃ እንዲያገኙ ሊወስን ነው። እዚያ ከወለደች ዐሥራ አንድ ቀን የሆናት አራስ ጄሪካን አዝላ ዳገት ስትወጣ በዓይኗ አይታለች። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም፤ ሥራውም ውሃ ወቀጣ ሆኖባታል።

ያን ዕለት ጠዋት ወደ ላይኛው ሰፈር ስታዘግም በመንገዱ ዳር ቦይ ኩልል ያለ ውሃ ሲወርድ አየች። እፎይ ብላ ተከተለችው። ውሃው የመራት ወደ ገዛ አጎቷ ግቢ ሆነ። ሽማግሌው፣ ዓይናቸው ሲደክም መርፌውን ያስቀመጡ ልብስ ሰፊ፣ ከበርሜል በባልዲ እየቀዱ ወደ ቦዩ ይደፋሉ።

«መጣሽ ልጄ? ይኼ መሥሪያ ቤታችሁ ግን ውሃ የሚያባክነው እስከ መቼ ነው?» አሏት። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል ማለት ይኼ ነው።

ለምን እንደሚደፉት ጠየቀቻቸው። ያደረ ውሃ በቤታቸው እንደማይጠጣ፣ ማለዳ ማለዳ ተደፍቶ በአዲስ እንደሚሞላ ነገሯት። በተርታው ያሉት ስምንት ቤቶችም ከቅርብ ጊዜ ወዲህ እሳቸውን ሰምተው እንደዚሁ ያደርጋሉ። የትልቅ ሰው ነገር መቼ ይጣላል! እንግዲህ የታችኛው ሰፈር ውሃ የሚያልቀው በእነዚህ በርሜሎች ነበር፤ የተሰበረ ቧንቧ ኖሮም አያውቅም። ልጅቱ ደረጃው ላይ ዘፍ አለች። ልትቆጣ አሰበች፣ ለቁጣ የሚሆን አቅም ግን አጣች።

«ጋሼ፣ ውሃ እኮ ስላደረ አይበላሽም» አለች።

«አክስትሽን የገደላት ያደረ ውሃ ነው» አሉ ባልዲውን ሳያስቀምጡ። ከዐሥራ ሁለት ዓመት በፊት ሚስታቸው ሆዷን ታማ በአራት ቀን እንዳረፈች፣ ሐኪሙም ከውሃው ነው እንዳላቸው ተረኩላት። ከዚያ ወዲህ በቤታቸው ውሃ አድሮ አያውቅም። ልጅቱ ከውሃው መሆኑን እስከዚያ ቀን አልሰማችም ነበር።

«ሐኪሙ ከውሃው ነው አሉ እንጂ ከማደሩ ነው አሉ?»

ሽማግሌው አሰቡ። «ይህን እንኳ አላሉም።»

«ያኔ በርሜሉ ክዳን ነበረው?»

«የምን ክዳን? ያገኘነውን ጣሳ እየነከርን ነበር የምንቀዳው።»

«ታዲያ ቆሻሻው የገባው በዚያ ነው፣ ጋሼ። በሳምንት አንዴ በርሜሉን ይጠቡት፣ ይክደኑት፣ እጀታው ረጅም በሆነ ጭልፋ ይቅዱ፣ የሚጠጣውን ያፍሉት። ዕቃ ያለቀለቁበትን ለአትክልቱ፣ ልብስ ያጠቡበትን ለሽንት ቤት ያድርጉት። የሚደፋ አይኖርም።»

«እንግዲያው ሳልከድን የተውኩት እኔ ነኛ» አሉ ቀስ ብለው።

ምነው አፌን በቆረጠው አለች በልቧ። ማንም እንዳልነገራቸው፣ ጥፋቱ የእሳቸው እንዳልሆነ ልታጽናናቸው ሞከረች፤ እሳቸው ግን አልሰሟትም። ቃል ሲያጥራት ስለ አራሷ አወራቻቸው።

«ከየት ነው የምትቀዳው?» አሉ ድንገት።

«ከወንዙ፣ ከድፍርሱ።»

ሽማግሌው ባልዲውን አስቀመጡ። ከዘራቸውን ይዘው ወጡ፣ እሷም ተከተለቻቸው። በየደጁ እያንኳኩ ክዳኑን፣ ጭልፋውን፣ ማፍላቱን በተራ አስረዱ።

ምክር ብቻውን ጉሮሮ አያርስም፤ ይህኛው ግን አርሷል። ተርታው ማለዳ ወገቡን ከሚቆርጠው ባልዲ ተገላገለ፣ ጎመኑም በእጣቢ ውሃ ለመለመ። በሳምንቱ ታችኛው ሰፈር መጀመሪያ ቀጭን፣ በኋላም ደህና ውሃ አገኘ። የመሥሪያ ቤቷም ውሳኔ ቀረ፤ አራተኛ ጉድጓድ አልተቆፈረም።

ያን ዕለት ግን ይህ ሁሉ ገና ነበር። ስምንተኛው ደጅ ላይ ጎረቤታቸው ግራ ገብቷቸው፣ ያደረ ይደፋ ያሉን እርስዎ አይደሉም እንዴ ብለው ጠየቁ።

«እኔ ነኝ» አሉ ሽማግሌው፣ ከዘራቸውን ተደግፈው። «ሚስቴን የገደለውን ዓይነት ቆሻሻ ውሃ ታችኛው ሰፈር ያለችውን የሰው ሚስት ሳጠጣ ኖሬያለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ክደኑት።»