ምልክት ሲጠብቅ የቀረ ቡድን

የተከበራችሁ ለቀስተኞች፣ የአሰልጣኝ ዴልማር ሃከቢን ዜና ሕይወት የማነብላችሁ ታላቅ እህታቸው ኦፓል ነኝ። በሕይወት ሳሉ አንተ እላቸው ነበር፤ ዛሬ ሥርዓቱ ነውና አንቱ ብያቸዋለሁ። ፓስተሩ ትናንት፣ «እባክሽ ለስለስ አድርጊው» ብለውኝ ነበር፤ አልሆነልኝም።

አሰልጣኝ ዴልማር ከአባታችን ከኦርቪል ሃከቢና ከእናታችን ከኔታ፣ እዚሁ ምዕራብ ካንሳስ፣ በስንዴ እርሻችን ላይ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በከተማችን ትምህርት ቤት ገብተው፣ ከደብተር ይልቅ ኳስ እያቀፉ አድገው፣ በኮተንዉድ ፎርክ ኮሌጅ የአሜሪካ እግር ኳስ፣ ያ በእጅ የሚወረወረው፣ ቡድን ውስጥ ኳርተርባክ፣ ማለትም ኳሱን ተቀብሎ የሚወረውረውና ሜዳ ላይ ሌሎቹን የሚመራው ተጫዋች ሆኑ። በመጨረሻው ዓመታቸው ግን ከአሰልጣኛቸው የታዘዙትን ትተው በገዛ ሐሳባቸው ሲወረውሩ ኳሱን ለባላጋራ አስረከቡና ቡድኑ ተሸነፈ። ይህች ከተማ ያን ጊዜ ያወረደችባቸውን ስድብ ዕድሜ ልካቸውን አልረሱትም።

ከዚያም ወይዘሮ ራሞናን አግብተው ትሩዲንና ጆሊንን ወለዱ። በአባትነታቸው የሚነቀፉበት ነገር የለም፤ ሴቶቹ ልጆቻቸው ኳስ ስላልተጫወቱ ተርፈዋል።

የዚያው ኮሌጅ ዋና አሰልጣኝ ሆነው በተሾሙ ጊዜ የመጀመሪያ ሥራቸው ኳርተርባኩን ከማሰብ ማሳረፍ ነበር። ከሜዳው ዳር ትልልቅ ሥዕሎች የሚይዙ ሰዎች ያሠለፉ ሲሆን፣ የትራክተሩ ሥዕል ከፍ ሲል ቡድኑ ወደ ግራ ይሮጣል፣ አሳማው ከፍ ሲል ኳሱ ወደ ሩቅ ይወረወራል። አሥራ አንዱም ተጫዋቾች ፊታቸው የቆመውን ባላጋራ ትተው አንገታቸውን ወደ አሰልጣኙ አዙረው ይጠብቃሉ። እናንተም በየዓመቱ ስትሸነፉ ኳርተርባኩ ይቀየር እያላችሁ ጮኻችሁ፤ ሥዕሉ ይቀየር ያለ ግን አንድም ሰው አልሰማሁም።

የአሁኑ ኳርተርባክ ኬሲ ሊንድስትሮም ወደዚህ ኮሌጅ ሲመጣ የባላጋራን አሰላለፍ አይቶ ጨዋታ መቀየር የሚችል ልጅ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ልምምድ ላይ፣ ትራክተሩ ከፍ ብሎ ሳለ ግራው ተዘግቶ ቢያይ፣ ጓደኞቹን በቀኝ ልኮ ነጥብ አስቆጠረ። አሰልጣኝ ዴልማር እንኳን ሊያመሰግኑት፣ «ማን ጠየቀህ? አንተ ክንድ ነህ፤ ጭንቅላቱ እኔ ነኝ» ብለው እስኪያስመልሰው ድረስ የስታዲየሙን ደረጃ አስሮጡት። ከዚያ በኋላ አንዱ ረዳት አሰልጣኝ ክርንህን ከፍ አድርግ ሲለው፣ እርሱ ሲባረር የተተካው ዝቅ አድርግ ሲለው፣ ሦስተኛው ደግሞ እግርህ ነው ጥፋተኛው ሲለው፣ ያ ቀጥ ብሎ ይወረውር የነበረ ልጅ ኳሱን ከመልቀቁ በፊት ዳር ዳሩን የሚያይ ሆነ። እናንተም ፀጉር አስተካካዩ ቤት ተቀምጣችሁ፣ «ልጁ እኮ ጭንቅላት የለውም» አላችሁ። ወስደንበት ከየት ያምጣው?

አሰልጣኝ ዴልማር የልብ ሕመም እንዳለባቸው ሐኪም ነግሯቸው ነበር፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። ባለፈው ቅዳሜ በሦስት ነጥብ እየተመራን፣ ሰዓት ማስቆሚያ ዕድላችን አልቆ፣ ጥቂት ሰከንድ ሲቀር ቡድኑ ነጥብ ከሚቆጠርበት መስመር ደጃፍ ሲደርስ፣ አሰልጣኝ ዴልማር ደረታቸውን ይዘው ወደቁ። ሥዕል ያዦቹ ሥዕሉን ጥለው ወደ እርሳቸው ሮጡ። ባላጋራዎቹ ሁሉ በግራ ተጠቅጥቀው ቀኙ ወና ነበር፤ እኔ አሮጊቷ እንኳ በእግሬ እገባበት ነበር። ኬሲ ግን ምልክት ይመጣል ብሎ አንገቱን አዙሮ ቆመ፤ አሥሩም አብረውት ቆሙ፤ ሰዓቱም አለቀ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ «የአሰልጣኙን ልብ የሰበረው ይህ ልጅ ነው» ትላላችሁ። ዐይን ያወጣ ውሸት ነው። ሰውየው የወደቁት ሳንሸነፍ ነው፤ ልጁም ያደረገው ያስተማሩትን ነው። ወንድሜ ካሠለጠኗቸው ሁሉ እንደ እርሱ የታዘዛቸው የለም።

ሆስፒታልም መጥቶ ኮሪደሩ ላይ፣ «እትዬ ኦፓል፣ ልግባ ወይስ ልሂድ?» አለኝ። «እንደፈለግህ» አልኩት። ነርሷ የጠያቂ ሰዓት አበቃ እስክትለው ድረስ እዚያው ቆሞ ዋለ። አሰልጣኝ ዴልማርም ማክሰኞ ማለዳ በስልሳ አንድ ዓመታቸው ዐረፉ። ወንድሜን እወዳቸው ነበር፤ የዚህን ልጅ ጭንቅላት ግን ይዘውት እንዲቀበሩ አልፈቅድላቸውም።

ከኋላቸው ባለቤታቸው ራሞና፣ ልጆቻቸው ትሩዲና ጆሊን፣ አንድ የልጅ ልጅ፣ እኔ እህታቸው፣ ደግሞም ራሳቸው ያሳደጓቸው ኳርተርባኮች ቀርተዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በምሕረቱ ይቀበል፤ ማዘዝ በማያስፈልግበት ስፍራም ያሳርፋቸው።

ሳጥኑን የሚሸከሙትን ቤተሰብ ነው የሚሰይመው። ስድስት ሰው ያስፈልጋል፤ እኔ የሰየምኩት አምስት ነው። ኬሲ፣ ከበሩ አጠገብ እንደቆምክ አይቼሃለሁ። ብትፈልግ ና ተሸከም፤ ባትፈልግ ወደ ቤትህ ሂድ፤ በሁለቱም የሚቀየምህ የለም። ወደ እኔ ግን አትይ።