አንድ አቡነ ዘበሰማያት እስኪደገም

እናንተዬ፣ ያን እንደ ሰፌድ ክብ የሆነ፣ የሚያብረቀርቅ ነገር አየር ላይ ቆሞ ያላየ የአርብ ገበያ ሰው የለም። በሳምንቱ፣ ገበያው እንደሞላ፣ ወታደሮች ሊያጣሩ መጡ። ሻምበሉ ጉዳዩን ወሬ ነው ብሎ ሊዘጋው ቸኩሏል። የደብሩን መሪጌታ፣ «ስንት ደቂቃ ቆየ?» አላቸው።

«አንድ አቡነ ዘበሰማያት እስኪደገም።»

«በደቂቃ ስንት ነው?»

«እኛ እንድገም፣ አንተ ለካው!»

ሻምበሉ እየሳቀ የስልኩን ሰዓት አስነሣ። መሪጌታ «አቡነ ዘበሰማያት» ማለት ሲጀምሩ ገበያተኛው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ተቀበላቸው። ወታደሮቹ ቆባቸውን አወለቁ፤ ሻምበሉም ሳቁን ትቶ ዓይኑን ጨፍኖ አንገቱን ደፋ። እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ከጨርቅ ሱቄ ደጃፍ ቆሜ ቀና ብል፣ ወላሂ፣ ያ ነገር ከራሳችን በላይ ቆሟል! ሮጬ የሻምበሉን እጅጌ ጎተትኩት።

«ጸሎት ላይ ነን!» ብሎ ዓይኑን ሳይገልጥ ገሠጸኝ።

ሕዝቡ «አሜን» ሲል ነገርዬው ውልብ ብሎ ጠፋ።

«መጥቶ ነበር እኮ! ከራስዎ በላይ!» ብዬ ጮህኩ።

ሻምበሉ ባዶውን ሰማይ አይቶ፣ «ስንት ደቂቃ ቆየ?» አይለኝም!

«ሻምበል፣ እኔን ይጠይቁኛል? የለኩት እርስዎ!»