የወንድ በሽታ ብለው የደበቁት

ለተማርያም አባቷን ከቀበረች አሥራ አንድ ዓመት ሆናት፤ ቂሟ ግን አብሮ አልተቀበረም። አጥባ፣ አብልታ ያስታመመቻቸው እሷ ሆና ሳለ ምን እንዳመማቸው በጠየቀች ቁጥር የቤቱ ወንዶች «የወንድ በሽታ ነው፤ አንቺን አይመለከትሽም» እያሉ ያስወጧት ነበር። የፕሮስቴት ካንሰር መሆኑን ያወቀችው ከቀብሩ በኋላ፣ ሣጥናቸው ውስጥ ካገኘችው የሐኪም ወረቀት ነው። እሷም ወረቀቱን አጣጥፋ ለማንም ሳትናገር ሣጥኑ ውስጥ መለሰችው።

ሰሞኑን ታላቅ ወንድሟን ኃይለመስቀልን ሸዋ በር ላይ ከሚኒባስ ሲወርድ ድንገት አገኘችው። ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ ሽንቱ አጣድፎት ወደ አጥር ጥግ ሮጠ። ቆይቶ ቆይቶ ተመለሰ። አባቷንም እንዲህ ነበር የጀመራቸው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ጋሼ?»

«ብርድ ነው። ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ! ሐኪም አላየህም?»

«አየኝ። አልትራሳውንድ ተነሣ አለኝ። በስድሳ ሁለት ዓመቴ ከእርጉዝ ጋር ተሰልፌ ‹ስንት ወርህ ነው?› ልባል?»

ከዚያ ወዲያ አልተከራከረችም። ክንዱን ይዛ ጀጎል ውስጥ፣ የአባታቸው ወዳጅ ወደነበሩት መጽሐፍ ጠራዥ ወደ ጋሽ ታጁዲን ወሰደችው። እሳቸው የአባቷ ዓይነት በሽታ ይዟቸው መዳናቸውን ሰምታለች።

«እኔም እንዳንተ ስሸሽ ነበር» አሉ ሽማግሌው። «ልጄ መብሩካ ናት ጎትታ የወሰደችኝ። ካንሰር ተገኘብኝ፤ ግን ከቦታው አልወጣም ነበር። ልጆቼ ውጭ አገር ወሰዱኝ። አደንዝዘው፣ በምስል እያዩ፣ የታመመችውን ቦታ ብቻ በድምፅ ሞገድ አቃጠሏት። በስለት አልተነካሁም፣ አልሐምዱሊላህ።»

«ድምፅ የሚያድን ቢሆን የለተማርያም ጩኸት እስከ ዛሬ ባዳነኝ ነበር!»

ጋሽ ታጁዲን ስቀው አጉሊ መነጽራቸውን አነሡ። ደጃፉ ላይ የፀሐዩን ብርሃን ቁራጭ ቆዳ ላይ ሰበሰቡት።

«እጅህን እዚህ፣ መነጽሩ ሥር አድርግ። ይፈጃል?»

«ኧረ አይፈጅም።»

«እታች ነጥቧ ላይስ?»

ኃይለመስቀል ጣቱን አስጠግቶ «እህ!» ብሎ ሰበሰበ። ቁራጩ ቆዳ መጨስ ጀመረ።

«ሞገዱም እንደዚህ ነው፤ መንገዱ ላይ ያለውን ሳይጎዳ የተሰበሰበበትን ይተኩሳል።»

«እኔንም በዚህ ያድኑኛል?»

«እሱን ሐኪም ይወቀው። ለሁሉ አይሆንም፤ በጊዜ ለተደረሰበት ነው። እኔም ሽንቴን መቆጣጠር አቅቶኝ ሰንብቻለሁ፤ አሁንም ደሜን በየጊዜው ያዩታል። ያንተ በዕድሜ የሚመጣ እብጠት ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ለእሱ ኪኒንም አለው። ሳትታይ ግን ወላሂ ማንም አያውቅልህም። አባትህ ሐኪም ዘንድ የደረሱት በሽታው አጥንታቸው ከገባ በኋላ ነበር።»

ኃይለመስቀል ጣቱን እያሸ «ነገ እሄዳለሁ» አለ።

ሴቲቱ ልጇን ለማየት የማታፍርበትን መሣሪያ፣ ወንዱ ነፍሱን ለማትረፍ ያፍርበታል። በሽታው ግን ይሉኝታ አያውቅም፤ ቀድሞ ለታየ ብዙ መንገድ አለ፣ ለዘገየ ያው መንገድ ይጠባል።

በማግስቱ ሐኪም ቤት ከእርጉዞቹ መሀል ተቀመጡ። አንዷ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላቸው፤ ስንት ወርህ ነው ያለውም የለም። ነርሷ ካርዱን ይዛ መጣች።

«ከቤተሰብ የፕሮስቴት ካንሰር የነበረበት አለ?»

ኃይለመስቀል አጎንብሶ «የለም» አለ፤ ከልማድ ነው።

ለተማርያም ብድግ አለች።

«አለ! አባታችን አቶ እንደሻው የሞቱት በፕሮስቴት ካንሰር ነው። ጻፊው!»

ክፍሉ ሙሉ ሰው ዞረ። ኃይለመስቀል ቀና አለ።

«ጻፊው እህቴ» አለ። «ለሦስቱ ወንዶች ልጆቼም ዛሬውኑ እነግራቸዋለሁ።»